አቶ ዓምደሚካኤል በፈረሱላ

ጤናውን በዝምታ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ አገር ምድሩ ካልሰማለት ጤና የማይሆነው ሰውም አለ። ይህን ሁለተኛውን የማያውቅ ከተማ የለም። በመስከረም ጎረቤቱን እየዞረ «ዘንድሮ ዓመቱ የእኔ ነው» ይላል፤ በጥቅምት ኮቱን ገልጦ ቀበቶውን ያስጎበኛል፤ በኅዳር ወሬው ይጠፋል። በሃምሳዎቹ ዓመታት ለወላይታ ሶዶ ከዚህ ወገን የደረሷት አቶ ዓምደሚካኤል ነበሩ። ድርሻዋም አላነሰባትም፤ በሚዛን ስድስት ፈረሱላ፣ ከመቶ ኪሎ በላይ፣ ይሞላሉ።

በፈረሱላ የሚለካው ቡና ነው እንጂ ሰው አይደለም የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን የአቶ ዓምደሚካኤልን ሙሉ ክብር ችሎ የሚሸከም ሚዛን በቅርብ የሚገኘው ገበያው ዳር፣ በቡና መዛኙ በሶርሳ መጋዘን በር ላይ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጆንያው ጠፍጣፋው ሳንቃ ላይ ይወጣል፤ ሶርሳ ከላይ ያለውን ብረት በጣቱ ቀስ እያለ ይገፋል፤ ዘንጉ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ሲረጋ ልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ገበሬውም ነጋዴውም የሚያምነው ያንን ድምፅ ነው። ሶርሳ በወንጌላውያን ጸሎት ቤት የሚያገለግል ሰው ነውና ሚዛኑ ላይ ቆሞ አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ሁለት ሰዎች በክብደት ቢጣሉ «ሶርሳ ይናገር» ይባላል፤ ጸቡም እዚያው ያበቃል።

አቶ ዓምደሚካኤል የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሹም ናቸው። በገበያ ቀን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በሁለት ጆንያ መካከል ወረፋ ይዘው ይቆማሉ። ሶርሳ ከሩቅ ገና ሲያያቸው ይደክመዋል።

ከተማዋ ራሷ ለእንዲህ ያለ ሰው የተመቸች ነበረች፤ ዓመት ሁለት ጊዜ ይገባባታል። አቶ ዓምደሚካኤል በእንቁጣጣሽ ቅቤ እርም ነው ብለው ይምላሉ። ጥቂት ቆይቶ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ይደርስና ሰፈሩ በሬ ተቃርጦ ሲቀመጥ፣ «ያገሩ ዓመት ገና አልገባም እኮ። ባሮጌው ዓመት የበላሁት አይቆጠርም» ብለው ቢላዋ ያነሳሉ። ጊፋታ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሁለቱም ዓመት ተጀምሮ ስላገኙት መሐላው ለከርሞ ይተላለፋል። ሶርሳ ይህን ሲያይ ብዙ ዓመት ኖሯል።

ያን ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። የለወጠችውም በቅሎ ናት።

በየዓመቱ ነሐሴ ሃያ አራት ቀን አቶ ዓምደሚካኤል እንደ አባታቸው ዳሞታ ተራራ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ይሳለማሉ፤ ቀርተው አያውቁም። ያን ጊዜ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ኮሶ ዛፍ ሥር፣ በቅሏቸው ቀስ ብላ ተኛች። ቢመቷት አልተነሣችም፤ ቢለምኗት አልሰማችም። እሳቸው ሲወርዱ ግን ወዲያው ብድግ ብላ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ካህናቱ እያዩ፣ ምእመናኑ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው። አቶ ዓምደሚካኤል ደጁን ሳይሳለሙ ወረዱ። ወርደውም ለሶርሳ «የሚመጣው ዓመት በእግሬ እገባለሁ» አሉት። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ከፍ አላለም ነበር፤ ሶርሳን ያሳሰበው እሱ ነው።

ኦቶና ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ፣ ልብዎ ደኅና ሠራተኛ ነው፣ ጭነቱ ግን በዝቶበታል አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «በሕክምና የተረጋገጠ ነው» የማይባል ነገር ጠፋ። ጎመን ያለ ቅቤ መብላት በሕክምና የተረጋገጠ ነው። ማለዳ ግቢ ውስጥ እጅን ወደ ሰማይ እየሰቀሉ መዝለል በሕክምና የተረጋገጠ ነው፤ የጎረቤት ዶሮዎች በዚህ ምክንያት እንቁላል ማቆማቸው ግን አልተረጋገጠም። ጠዋት ጠዋት ወደ ዳሞታ ግርጌ መራመድም ተጨመረበት። ይህ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል።

«ሶርሳ፣ ተነሥ! ዘንድሮ ዓመቱ የእኔ ነው።»

«አቶ ዓምደሚካኤል፣ እኔ ምን አጠፋሁ? እኔ እኮ ቀጭን ነኝ።»

«አንተ ካላየኸኝ መሄዴን ማን ያምናል?»

ሶርሳ እያጉረመረመ ጫማውን ያጠልቃል። ጊፋታ ደረሰና ሶርሳ ቁርጡን አቀረበላቸው፤ አቶ ዓምደሚካኤል ሥጋውን እንደ ዘመድ አስከሬን ረጅም ጊዜ ተመልክተው ሳህኑን መለሱ። ያን ጊዜ ሶርሳ በእውነት ደነገጠ። በጥር ወር አቶ ዓምደሚካኤል ሚዛኑ ላይ ሲቆሙ ሶርሳ ብረቱን ወደ ኋላ መለሰው፤ «አምስት ተኩል!» ብሎ የጮኸው፣ የራሱ ቡና ዋጋ የወጣለት ያህል ነበር።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያመጣውም ደግ ሰው ነው። በሶዶ ሰው ከሳ ማለት ታመመ ማለት ነው፤ የታመመ ደግሞ ይጠየቃል፤ ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዓመለወርቅ በጮጮ ወተት ይዘው ደረሱ። ሌላዋ ማር፣ ሌላዋ ዶሮ። አንድ ምሽት ሶርሳ ሊጠይቅ ቢገባ፣ ጠረጴዛው ላይ በቅቤ የራሰ የቆጮ ሙቿ ተቀምጧል። ሳህኑን አወቀው፤ የገዛ ቤቱ ሳህን ነው።

«ያንተዋ ጥሩነሽ ናት ያመጣችው» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል አፋቸውን ሞልተው። «አልበላም ብል ሕመሙ ጠንቷል ብለው ነገ ቅቤውን አብዝተው ይመጣሉ። ምን ላድርግ?»

ሶርሳ እቤቱ ገብቶ ሚስቱን ቢጠይቃት፣ «ሰውየው እያለቀ እኔ ዝም ልበል?» አለችው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የአቶ ዓምደሚካኤል ባለቤት ወይዘሮ ሳህሊቱ መጋዘኑ ደጅ ቆሙ። «አንተ ሶርሳ፣ ወይ ሚዛንህን ስበርልኝ ወይ እኔን ግደለኝ። ባሏን የምታስርብ ተብያለሁ። ግማሹ ከሹመቱ ሊነሣ ነው ይላል፣ ግማሹ ሳህሊቱ እጇ ጠፍቶባታል ይላል። እኔ እሱን እንደዚያ አድርጌ ለመሥራት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል መሰለህ?»

ሶርሳ ቀኑን ቆጠረ። ነሐሴ እየቀረበ ነው፤ ወተቱም ማሩም እየጎረፈ ነው፤ በዚህ አያያዝ አቶ ዓምደሚካኤል ያቺን ኮሶ እንደማያልፉ በግልጽ ታየው። ወዲያው ራሳቸው መጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳንቃው ላይ ወጡ። ገበያተኛው ከበበ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጮጯቸውን እንደያዙ ከፊት ቆመዋል። ሶርሳ ብረቱን ገፋ፤ ዘንጉ አምስት ተኩል ላይ ረጋ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሰማይ ሰማዩን አየ።

«ስድስት ፈረሱላ!» አለ። «ሞልቷል። እንዲያውም ተርፏል።»

ሕዝቡ በእፎይታ ተነፈሰ። «ተመስገን!» አሉ ወይዘሮ ዓመለወርቅ። «ዓይኔ ነዋ የዋሸኝ። የሶርሳ ሚዛን ከተናገረማ...» ወተቱንም ይዘው ወደ ቤታቸው ዞሩ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በሕዝቡ መሀል አለፉ።

አቶ ዓምደሚካኤል ግን ሳንቃው ላይ እንደቆሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዓመት ሙሉ ጎመን! ሶርሳ ሚዛኑን የሚያበጅ መስሎ ጎንበስ አለና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አላቸው፦ «አምስት ተኩል ነህ። ዝም ብለህ ውረድ።»

ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ቀረ። ሰው ኮታቸው ሲሰፋቸው እያየ ኮቱን ይጠረጥራል እንጂ ሚዛኑን አይጠረጥርም።

ነሐሴ ሃያ አራት ዳሞታ ጉም ለብሶ ነጋ። መንገዱ ጭቃ ነው። አቶ ዓምደሚካኤል በትራቸውን ይዘው ከፊት፣ ሶርሳ ከኋላ። ኮሶዋ ዘንድ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ፤ ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ይሰማል። ባለበቅሎ አለፈና «ጌታው፣ ልውረድልዎ?» አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሶርሳ፣ ይህቺን ዛፍ ልለፋት ብቻ። ከዚያ በኋላ ብወድቅም ግድ የለኝም።»

«አይወድቁም። በሚዛኔ የዋሸሁት በከንቱ ነው እንዴ? ይራመዱ።»

ተራመዱ። ዛፏ ወደ ኋላ ቀረች፤ ቀጥሎ የቅጥሩ ጥድ መጣ፣ ቀጥሎ ከበሮው ተሰማ። አቶ ዓምደሚካኤል ደጀ ሰላሙን በሁለት እግራቸው ደርሰው፣ ጭቃው ላይ ተደፍተው ተሳለሙት። ሶርሳ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ስላልሆነ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ፤ ጉሙ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነው መሰለኝ ደጋግሞ ይጠርግ ነበር።

ጊፋታ ደረሰ። ገበያው በቅቤ ሞልቷል። አቶ ዓምደሚካኤል ሳንቃው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሶርሳን ወደ ጥግ ወሰዱት። «ዛሬ እውነቱን ተናገርልኝ። አምስት ከሆንኩ አምስት በል። ሀቄ ነው።»

«እሺ» አለ ሶርሳ።

ብረቱን ገፋ። አምስት ላይ እንደ ችካል ቀጥ አለ፤ እንዲህ ያለ ቆንጆ ልክ ሚዛኑ ተናግሮ አያውቅም። ሶርሳ ቀና ሲል ወይዘሮ ዓመለወርቅን አየ፤ ሁለት ትልልቅ ቅል ቅቤ አስይዘው፣ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። የራሱ ሚስት ጥሩነሽም አጠገባቸው አለች።

«ስድስት!» ብሎ ጮኸ።

አቶ ዓምደሚካኤል ለወጉ ያህል አጉረመረሙ፤ ከሳንቃው ሲወርዱ ግን ትከሻውን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «ነገ ጠዋት» አሉት። «ዘንድሮ ዓመቱ የእኛ ነው።»

ሶርሳ ስለ መጀመሪያው ውሸቱ ጸሎት ቤት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠይቋል። ስለ ሁለተኛው ግን አልጠየቀም፤ በሚመጣው ገበያ እንደሚደግመው እያወቀ እግዚአብሔርን በከንቱ ማድከም አልፈለገም።