ለኮልቢ ባቢያክ የተላከ ልዩ ጥሪ

እግዜር ለእያንዳንዱ ልጅ ተሰጥኦ ያድላል፤ ተሰጥኦውን ለይቶ የማወቁን ከባድ አደራ ግን ለምልመላ ካምፕ አዘጋጆች ትቶታል። እነዚህ ደጋግ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ በካናዳዋ ሳስካችዋን የስንዴ ሜዳ መካከል የሚኖረው ኦረስት ባቢያክ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ኮልቢ የበረዶ ላይ ሆኪ ሊቅ መሆኑን ሳያውቅ ይሞት ነበር። የልጁን ቡድን ጨዋታ በየሳምንቱ ስለሚያይ፣ ሊቅ ነው ብሎ የሚጠረጥርበት አንዳችም ምክንያት አልነበረውም።

ብርሃኑ የወረደው በሰኔ ነው፣ በኢሜይል። "ለተከበራችሁ የባቢያክ ቤተሰብ፦ መልማዮቻችን አገሩን ከዳር እስከ ዳር ካሰሱ በኋላ፣ ልጃችሁ በነሐሴ በሚካሄደው የጥቂት ምርጦች ካምፕ ላይ እንዲገኝ በልዩ ሁኔታ ተጠርቷል። ክፍያው ዘጠኝ መቶ ዶላር ሲሆን፣ ተመላሽ አይደረግም።"

ኦረስት ለሚስቱ ለዶሪን ቆሞ አነበበላት። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አይነበብም።

"መቼ ነው ያዩት?" አለች ዶሪን ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ ጠርዝ በጣቷ እየገጠመች።

"ተደብቀው ነዋ! መልማይ መጣሁ ብሎ ይመጣል እንዴ?"

"የጨዋታ ዘመኑን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እኮ ነው የተቀመጠው።"

"እና ተቀምጦ እንኳን ታያቸው! ሲጫወትማ አስቢው።"

"ኦረስት፣ ይሄ ገንዘብ ለቤት ማሞቂያው ብለን ያስቀመጥነው ነው። ባለፈው ጥር በካፖርት ነው የተኛነው።"

"ብርድ ይመጣል ይሄዳል፤ ዕድል ግን ከሄደ ሄደ" አለ ኦረስት። ተረቱን የፈጠረው እዚያው በቆመበት ቢሆንም፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ይመስል አፉን ሞልቶ ነበር የተናገረው።

ከዚያ ኮልቢ ተጠየቀ። ማለት፣ ተነገረው።

"አባዬ፣ ጥሪው ለጎረቤቶቻችን ለሳቭቹኮች ልጅም ደርሷል" አለ ኮልቢ ቀስ ብሎ። "እሱ ደግሞ መጫወት ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው።"

"አየህ? ሁለት ዓመት ሙሉ አልረሱትም! እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።"

ነሐሴ ሲገባ አባትና ልጅ በፒክአፕ ሰባት ሰዓት ሙሉ ነድተው ካምፑ ደረሱ። ጥቂቶቹ ምርጦች መቶ ስልሳ ነበሩ። የካምፑ ኃላፊ ሚስተር ኬስለር ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው ንግግር አደረጉ።

"ክቡራን ወላጆች! እኛ እዚህ የተሰበሰብነው ለገንዘብ አይደለም!" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገንዘቡ የተሰበሰበው በሰኔ ነበር። "የነገውን ሰው ልንቀርጽ ነው!"

ኦረስት መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ። ከዚያ አጠገቡ ወደተቀመጠችው እናት ዘንበል አለ።

"ካምፑን ያዘጋጀው ቡድን ስንት ክፍት ቦታ አለው?"

"ሁለት ነበረው። ለሁለቱም ሚያዝያ ላይ ልጆች ፈረሙ" አለች ሴትየዋ። "አንደኛው የኔ ልጅ ነው። ያመጣሁት ሰውነቱን እንዲያፍታታ ነው፤ እኛ አንከፍልም።"

ኦረስት እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ሰው ምቀኛ መሆን የለበትም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ኮልቢ ሩሯን ሦስት ጊዜ ነካ፤ ሁለቱን በጉልበቱ። በሁለተኛው፣ ኮርማ የሚያህል ልጅ ከግድግዳው ጋር አጋጨውና ቁርጭምጭሚቱ ተጠማዘዘ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ኦረስትም አልተቆጣም፣ ብቻ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። "ተነሳ ልጄ! እያዩህ ነው!" ለማረጋገጥ ወደ መልማዮቹ ዞር ሲል፣ አንደኛው ሳንድዊች እየገመጠ፣ ሌላኛው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ጥልቅ አስተውሎት ከውጭ ሲያዩት እንዲህ ነው።

ሦስተኛውን ጨዋታ ወላጆች አላዩትም። በዚያ ሰዓት "ስለ ቀጣዩ ካምፕ ማወቅ ያለብዎት" የተሰኘ ትምህርት ይሰጣቸው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የግምገማው ሪፖርት መጣ። ኦረስት ራት ላይ ቆሞ አነበበ።

"ኮልቢ በተለይ በሦስተኛው ጨዋታ መልማዮቻችንን አስደምሟል። የበረዶ ሜዳውን አንድም ጥግ ሳይተው ያዳርሳል። በመሆኑም ለታኅሣሡ የላቁ ምርጦች ካምፕ ታጭቷል። ክፍያው አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር።"

ኮልቢ ሹካውን አስቀመጠ። ጆሮው ደም መስሏል።

"አባዬ፣ ሦስተኛውን ጨዋታ አልተጫወትኩም።"

"አልተጫወትኩም ማለት?"

"እግሬ አብጦ ጫማው አልገባ አለኝ። በረዶ ማለስለሻ መኪናውን የሚነዱት ሽማግሌ፣ ሎይድ ይባላሉ፣ አዘኑልኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በእረፍቱ ሰዓት መሪውን ሰጡኝ። እኔ... በረዶ ላይ ሆኜ እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚህ የኛ ሜዳ ላይ ለሚሠራው ወዳጃቸው ደውለውልኛል፤ ቅዳሜና እሁድ እንድነዳ ቀጥሮኛል። በሰዓት አሥራ ሰባት ዶላር።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሆኪ መጫወት ግን ይብቃኝ፣ አባዬ።"

ኦረስት ተቀመጠ። ልጁን አየ፤ ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደፈራ ፊቱ ላይ አነበበ። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ አቀረቀረ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበበው። ቀና ሲል ዓይኑ ያበራ ነበር።

"መኪናውን ስትነዳ... ጥጉንስ አዳረስከው?"

"ጥጉ ነው አስቸጋሪው" አለ ኮልቢ ግራ ተጋብቶ። "ግን አንዱንም አልተውኩም።"

ኦረስት ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። "ሰማሽ፣ ዶሪን? አይተውታል!"

ዶሪን ሪፖርቱን ከእጁ ወሰደች፣ አራት ቦታ አጠፈችና ትኩሱን ድስት አስቀመጠችበት።

"እሰይ። ካዩት ደግሞ በታኅሣሥ ድጋሚ አይቸገሩ።"