የአያ ፋንታሁን ጭስ

በዚህ አገር ስለ ማኪናው ጭስ ይቅርታ የጠየቀ ሹፌር አልተፈጠረም። የሁሉም አለቃ ደግሞ የጎንደር አምባ ጊዮርጊስ መስመር የሚኒባስ ሹፌር፣ የጭስ ሊቀ ሊቃውንት ክቡር አያ ፋንታሁን ናቸው። ነጠላ ለብሶ ከኋላቸው የተጓዘ ሰው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ «ማን ሞተ?» ትለዋለች።

ስንነጫነጭ መልሳቸው አንድ ነው፤ «የሚሠራ ሰው ያልበዋል፣ የምትሠራ ማኪና ትጨሳለች።»

ዘንድሮ የጭስ መለኪያ መጣ። ያላለፈ ቦሎ አይለጠፍለትም፤ ቦሎ የሌለው መስመር አይወጣም። አያ ፋንታሁን ማኪናዋን አጥበው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሄዱ። መርማሪዋ ናዝራዊት መለኪያውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትታ «ነዳጅ ይስጡ» አለቻቸው። ሰጡ። ወደቁ።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ የወገራን ዳገት ወጥቶ ያውቃል?» ብለው ጠየቋት።

ሁለተኛም ወደቁ። መካኒኩ ቢሻው መላው ቀላል እንደሆነ ነገራቸው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ናፍጣ መቀነስ ነው። ናፍጣው ሲቀነስ ግን ጉልበቷም ይቀንሳል። በእኛ መስመር ጉልበት ያነሳት ማኪና ዳገቱ ሥር ቆማ ሰው ታስወርዳለች፤ ተሳፋሪው በእግሩ ወጥቶ ጫፍ ላይ ይጠብቃታል። አያ ፋንታሁን በሃያ ዓመት አንድ ሰው አውርደው አያውቁም። ይህን ያልሰማ ተሳፋሪ ካለ፣ ከመነኻሪያው ሳይወጣ ይነገረዋል።

ጨነቃቸው፤ በመጨረሻ አስቀነሱና አለፉ። ቦሎዋን መስታወቱ ላይ ሲለጥፉ የተቀጣ ተማሪ ይመስሉ ነበር።

ቅዳሜ የጫማዬን ክር አጥብቄ አስሬ፣ በእግሬ ለመውጣት ተዘጋጅቼ ተሳፈርሁ። አራት ሰው የሚይዘው የኋላ ወንበር ባዶ ነው። ውጭ ሰው እየተጋፋ አያ ፋንታሁን «ሞልቷል» ብለው በሩን አዘጉ።

«አያ ፋንታሁን፣ ምነው ኋላው ባዶ ሆነ?»

ጉልበታቸውን ለመታከም ከተማ ሰንብተው ወደሚመለሱት አሮጊት በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እትዬ እናኑን ዳገት ላይ ላስወርድ ኖሯል? አራት ሰው ሲቀንስ ትወጣለች። ትናንት ድንጋይ ጭኜ ሞክሬያታለሁ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወጣን። ጭስ የለም፤ አህዮች ግን ቀደሙን። አያ ፋንታሁን መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ግንባራቸውን አልቧቸው፣ አንድም ሰው ሳያወርዱ ወጡ። እኒህን ሰውዬ እንዴት እንደምወዳቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ «ይች ማኪና ምን ነካት? በእግር ይሻል ነበር» አለ።

ሰባት ዓመት ማኪናዋን ስሰድብ የኖርሁት ሰው ዞር ብዬ «ካልተመቸህ ውረድ» አልሁት።