እትዬ አለምነሽና የዴላዌር ባሕር

ዳላስ ውስጥ የሚታጣ ነገር የለም ይባላል፤ እውነትም ነው። የሰላሌ ቅቤ ያማረው ሰው፣ ቅቤ ያለው ሰው የሚያውቅ ሰው ያውቃል። ሽማግሌ የሚፈልግ ሽማግሌ ያገኛል፣ ቤት የሚፈልግ ቤት ያገኛል፣ ጠብ የሚፈልግም ቢሆን ሠላሳ አምስት ቁጥር መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ባሕር ግን የለንም። «ሐይቅ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ያውም በየሰፈሩ። ግን ሁሉም ሰው ገድቦ የሠራው ነው። ጀልባ ያለው ጀልባውን፣ የሌለው የዶሮ ክንፉን ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርድበታል፤ ማታ ልብስ አጣጥፎ ወደ ቤት ነው።

ሰው የናፈቀው ስልክ ይደውላል። ምግብ የናፈቀው ይሠራል፣ ወይም የሚሠራ ሰው ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ይላል። ባሕር የናፈቀውን ሰው ግን ምን ትሉታላችሁ? አይዞህ?

የባለቤቴ አክስት እትዬ አለምነሽ ከዳላስ አጠገብ ካሮልተን እኛ ቤት የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የደሴ ልጅ ናቸው። በሙሽርነታቸው ማግስት ግን ባላቸው ጋሽ ሙሉጌታ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ሥራ ያገኙና ይዘዋቸው ይወርዳሉ። ዕድሜያቸውን ያገባደዱት እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ጦርነት መጥቶ ድንበሩ ሲዘጋ ግን እንደ ብዙው ሰው አንድ ሻንጣ ይዘው በጭነት መኪና በረሃውን አቋርጠው ደሴ ተመለሱ። ጋሽ ሙሉጌታ ብዙም ሳይቆዩ እዚያው አረፉ። እትዬ አለምነሽ ከዚያ ወዲህ ባሕር አላዩም።

ማማረር የማያውቁ ሴት ናቸው። የቴክሳስ ሐምሌ ሁላችንንም አዙሮ ሲደፋን እሳቸው «ይሄማ ምን አለው፣ እኛ እኮ ሌሊቱን አልጋ አውጥተን ደጅ ነበር የምንተኛው» ብለው ሻርፕ ይደርባሉ። ገና በመጡበት ሳምንት ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው እንደሚለው፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው አሉኝ። በግምት ወደ ደቡብ ጠቆምኳቸው። ሲውል ሲያድር ታዲያ ጓሮ ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረው መቀመጥ ጀመሩ። በዚያ በኩል ያለው እንግዲህ የጎረቤት ከተማችን የፋርመርስ ብራንች መጋዘን ነው። ከእሱ አልፎ ሌላ መጋዘን። እሳቸው ግን ባሕሩ ሊመጣ ያለ ይመስል ይጠብቃሉ።

ያቺ ወንበር ሆዴን በላችው። አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ሆነን መኪና ውስጥ አስገብተናቸው ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ወደ ጋልቬስተን ነዳን። መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደርሰን ፓርክ አደረግን፤ ወረዱ፤ ቆመው አዩ። ውሃው የዚያን ቀን የሻይ በወተት መልክ ነበረው። እሳቸውም ብዙ ቆይተው፣ ደግፈናቸው ወደ መኪናው ስንመለስ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጎርፍ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ መርቀውን እስከ ካሮልተን ተኙ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፣ ልጄ ባትኖር። ልጄ ረሆቦት የኮሌጅ ተማሪ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው፤ ግን አይወድቅም። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጥታ «እትዬ፣ ዩ ኖው፣ ስሜ ያለው ቢች አለ» አለች። እውነትም ዴላዌር በምትባል ስቴት ረሆቦት የሚባል የባሕር ዳርቻ ኖሯል። እኛ ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ አግኝተን ለልጅ አወጣነው፤ እነሱ ለአሸዋ አወጡት። ዴላዌር ራሷ ቴክሳስ ውስጥ ብትወድቅ ፈልጎ የሚያገኛት ሰው የማይኖር፣ አንድ የእኛ አገር ወረዳ የምታክል ስቴት ናት። ግን አንዱ ጎኗ ባሕር ነው። ረሆቦት በስቴቷ ካሉት ዳርቻዎች ምርጥ ምርጡን እያነበበች፣ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ማዕበል ለሚጋልቡበት ሰርፍ፣ አንዱ ለጥብስ ድንች እያለች ታስረዳቸው ጀመር። እትዬ አለምነሽ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ፀሐይ እዚያ ከባሕሩ ነው የምትወጣው ወይስ ወደ ባሕሩ ነው የምትገባው?

ልጅቷ አላወቀችም። ስልኳን ጠየቀች። ከባሕሩ ነው የምትወጣው።

የዚያን ዕለት ማታ እትዬ አለምነሽ ልብሳቸውን አጣጥፈው ጨረሱ።

እኔ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ነው የምጭነው። ደመወዙ የሚወራለት ባይሆንም ባዶ ወንበር ሲገኝ ቤተሰቤን ይዤ በነጻ እበርራለሁ። ሶ፣ ነሐሴ ላይ ሦስታችን ፊላዴልፊያ ወርደን፣ መኪና ተከራይተን ወደ ታች ነዳን። ሰናይት የምትሠራበት ሆስፒታል ፈቃድ ስለከለከላት ቀረች። መመሪያዋን ግን አስይዛናለች፤ እትዬ የደም ግፊት አለባቸው፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ።

የልጄ ሞክሼ ከሆነችው ዳርቻ ጀመርን። ሕዝቡ ለጥምቀት የወጣ ነው የሚመስለው፤ ልዩነቱ እዚህ ነጭ የለበሰ የለም፣ ኧረ እንዲያውም የለበሰ የለም። ልጄ ስሟ ከተጻፈበት ሰሌዳ ሥር ፎቶ ተነሣች። ኮምጣጤ የተረጨበት ጥብስ ድንች በላን። እትዬ አለምነሽ ጫማቸውን አውልቀው ጫፉ ድረስ ሄዱ። ማዕበሉ ከፍ ብሎ መጥቶ ሲፈርስ ወደ ኋላ ሸሹ። ውሃው ይቀዘቅዛል አሉ፤ ተቆጥቷልም አሉ። ልጄ እጅ አልሰጠችም። የአሸዋ ኮረብታ ካለበት የመብራት ማማ ወዳለበት፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው፣ ምርጥ የተባለውን ሁሉ አዳረሰችን። በሁሉም ላይ እትዬ አለምነሽ «ደስ ይላል» አሉ። ጨው የበዛበት ወጥ የቀረበለት እንግዳ እንዴት አድርጎ እንደሚያመሰግን ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው ያሉት።

ማታ ሞቴሉ ውስጥ ረሆቦት አኮረፈች። እኔም ሳልናገር አኮረፍኩ። የሰውን ናፍቆት ይዞ መዞር ከሻንጣ ይከብዳል። እንግዳ ተቀባይዋን፣ ሸምገል ያለች ፈረንጅ ናት፣ ዝም ያለ ውሃ አታውቂም ወይ አልኳት። ትልቁን ባሕር ትታችሁ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጎን ውጡ አለችኝ። ማዕበል የለም፤ ግን ምንም ነገርም የለም፣ ሰው አይሄድበትም ብላ አስጠነቀቀችኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ደረስን። እውነትም ምንም የለም። ጥቂት ቤቶች፣ ረጅም አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን የመሰሉ የባሕር እንስሳት ቅርፊቶች። ውሃው ተዘርግቶ ተኝቷል። እትዬ አለምነሽ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ፀሐይዋ ከውሃው ውስጥ ብቅ አለች፤ ቀይ፣ ትልቅ፣ ስትወጣ የምትንጠባጠብ የምትመስል።

ረሆቦት አሰብ ሳሉ ይዋኙ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የዚያን ጊዜ ነው የነገሩን። ጋሽ ሙሉጌታ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ይዋኙ ነበር። እትዬ አለምነሽ የባላቸውን ልብስ ጭናቸው ላይ አድርገው ዳር ላይ ይቀመጣሉ። በየቀኑ ጋሽ ሙሉጌታ ከውሃው መሐል እጃቸውን እያወዛወዙ ነይ ይሏቸዋል። እትዬ አለምነሽ ደግሞ፣ ሰው ያየኛል፣ ቀሚሱ ይጣበቅብኛል፣ ምን ይሉኛል ይላሉ። እሺ ነገ፣ ይላሉ። ያን ሁሉ ዘመን ባሕር ዳር ኖረው አንድ ቀን ገብተው አያውቁም።

«ነገ፣ ነገ እያልኩት ዕድሜያችን አለቀ» አሉ። አላለቀሱም። ዋጋ የተጠየቀ ሰው መልስ ሲሰጥ እንደሚሆነው ነው የተናገሩት።

ከዚያ ተነሡ። የቀሚሳቸውን ጫፍ በመቀነታቸው አስገቡና ሄዱ። እኔ የሰናይት መመሪያ ትዝ ብሎኝ «እትዬ፣ ግፊትዎ!» ስል ቁርጭምጭሚቱ አልፏል። ጉልበትም አለፈ። ልጄ ከእነ ጂንሷ ሮጣ እጃቸውን ያዘች። ወገብ አለፈ። ውሃው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አደረጉ፤ ያሉትን የሰማችው አጠገባቸው የነበረችው ልጄ ናት።

«ይኸው መጣሁ» ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ ማን ያውጣቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የተወለድኩት፤ ውሃ ለእኔ ፊት መታጠቢያ ነው። ግን ብጠራ ብለምን አልመለስ ሲሉኝ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ላወጣቸው ነበር የገባሁት። መሐል ስደርስ ውሃው ከሥሬ ገብቶ ትንሽ አነሣኝ፤ አባት ልጁን በብብቱ ይዞ እንደሚያነሣው። ምን ልላችሁ እችላለሁ። ለምን እንደገባሁ ረሳሁት። ሦስታችንም እስክንጨማደድ እዚያው ቆምን።

ሲመለሱ እትዬ አለምነሽ ፀጉራቸውን አልታጠብም አሉ። ፊላዴልፊያ ባዶ ወንበር ጠፍቶ እስከ ማግስቱ ስንጉላላ፣ የባሕሩ ጨው እንደ ነጭ ዱቄት ግንባራቸው ላይ ደርቆ፣ አግዳሚ ላይ እንደ ሕፃን ተኙ። ሰናይት ነገሩን ስትሰማ ከሦስታችን ጋር ለሦስት ቀን አልተነጋገረችም። የሁለቱ ግፊት ሲለካ ግን የእሷ ነው ከፍ ያለው።

ዛሬ እትዬ አለምነሽ ደህና ናቸው። ጓሮውን ቆፍረው ጎመን ተክለዋል፣ ከጎረቤት ድመት ጋር ተጣልተዋል፣ ስለ ባሕር ካላነሡባቸው አያነሡም። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ሻንጣ ስጭን ወደ ባሕር ከተሞች የሚሄደውን በዓይኔ እሸኛለሁ። መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ያ ውሃ ከሥር ያነሣኛል። ሰናይት ዕድሜ ነው ትላለች። በቀደም ድፍረት አግኝቼ ለክረምቱ እንመለስ እንዴ ብዬ እትዬ አለምነሽን ጠየቅኳቸው። ጎመኑን ማረማቸውን ሳያቋርጡ ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ።

«እኔስ የነበረብኝን ጨርሻለሁ» አሉኝ። «አንተ ሂድ ልጄ። ነገ እንዳትል ብቻ።»

እሺ አልኳቸው። በዚህ ሳምንት ግን የሥራ ሺፍት በዝቷል።