ጭራ የሌላትን መኪና ለመግዛት የተቋቋመው የቤተሰብ ኮሚቴ

ቀን፦ ጥቅምት 4 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የአረፋ ዋዜማ፣ የእናቶች አረፋ ዕለት
ቦታ፦ ቡታጅራ፣ እናታችን ቤት፣ ሳሎን
ሰዓት፦ 7፡00 ተብሎ 8፡00

የተገኙ፦
አቶ ሙስተፋ፣ የበኩር ልጅ፣ ቆርቆሮና ምስማር ነጋዴ — ሰብሳቢ
ወ/ሮ ዘይባ፣ እህት፣ ልብስ ሰፊ — አባል
አቶ ሙባሪክ፣ ወንድም፣ ደላላ — አባል
አቶ ዑመይር፣ የመጨረሻ ልጅ፣ የወረዳ ጽ/ቤት ሠራተኛ — ጸሐፊ፣ ይህን የሚጽፈው

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ሃሊማ፣ እናት። ለመንገድ ለብሰው፣ ቅቤያቸውን ታቅፈው ግቢ የቆመችው መኪና ውስጥ ስለተቀመጡ።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ ሰብሳቢው በቢስሚላህ ስብሰባውን ከፍተዋል። ጉዳዩ በኮሚቴ ይታይ ያለው ጸሐፊው ነው። ባለፈው ሳምንት የስብሰባ አመራር ሥልጠና ወስዶ ስለመጣ እጁን በልቶታል።

ሰብሳቢው ጉዳዩን እንደሚከተለው አስረድተዋል። እናታችን በጉልበታቸው ሕመም የተነሣ መስቃን ገጠር በተወለዱበት መንደር የእናቶች አረፋን ካከበሩ ሦስት ዓመት ሆኗል። ሚኒባስ እዚያ አይገባም። እህታቸው አሚኔ፣ “ዘንድሮም ከቀረች ሞቼ ነው የምታገኘኝ” ብላ ልካለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለባቸው። የመኪናዋ ባለቤት ደግሞ፣ “አስፋልት ላይ እንዳሻችሁ ሞክሯት፤ ፒስታ ካስነካችኋት ግን ገዝታችኋታል” ብሏል። ስለዚህ መጀመሪያ መወሰን፣ ቀጥሎ መሄድ ግድ ሆኗል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ሞተሩ

ሞተሩ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ዘመናዊ ዓይነት መሆኑንና ነዳጅ እንደሚቆጥብ ጸሐፊው ሰፊ ማብራሪያ ሰጥቷል። ከየት እንዳወቀው ሲጠየቅ ኢንተርኔት ቤት እንዳነበበና ግማሽ ላይ መብራት እንደጠፋበት አምኗል።

አቶ ሙባሪክ ነገሩ እንዳልተዋጠላቸው ገልጸዋል። ቤንዚን መሐል ላይ ማንም ሳይነካው በቀጥታ ከገባ፣ መሐል ያለው ሰው ምን ሊበላ ነው ሲሉ በሙያቸው ስም ጠይቀዋል። ቤንዚኑ ቫልቩን አጥቦ ስለማያልፍ ጥላሸት እንደሚይዘው ጸሐፊው ሳያስበው ሲያመልጠው ደግሞ ወ/ሮ ዘይባ፣ “ኧረ በአላህ! ገላውን በማይታጠብ ነገር ነው እናቴን የምትጭኗት?” ብለዋል።

ሰብሳቢው ወጥተው ሞተሩን አስነሥተው ካደመጡ በኋላ ተመልሰዋል። ቤንዚን ነኝ እያለች እንደ ናፍጣ እንደምትንጫጫ፣ በዚህም የአቋም መዋዠቅ እንደሚታይባት አስገንዝበዋል። የዚህ ሞተር ጠባዩ ነው ያለው ጸሐፊ፣ “አንተን ደግሞ ማን መካኒክ አደረገህ?” ተብሏል። መካኒክ ይጠራ የሚል ሐሳብ ቢቀርብም፣ የቤተሰብ ስብሰባ ላይ ባዕድ አይገባም በሚል ወድቋል።

ከግቢ ክላክስ ተሰማ። ሰብሳቢው በተከፈተው መስኮት፣ “መጣን እማ!” ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ መኪናዋ በሃይላንድ የሚሸጥ የመንገድ ዳር ቤንዚን እንዳትቀምስ ተወሰነ። ማደያው ቤንዚን ካጣ መሰንበቱን ወ/ሮ ዘይባ ሲያስታውሱ፣ “እንደ ሁኔታው” የሚል ተጨምሮበታል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጭራዋ

መኪናዋ ከኋላ መስኮቷ በኋላ ምንም እንደሌላት ወ/ሮ ዘይባ አንሥተዋል። የሰው ልጅ ከአዲስ አበባ ሙሉ መኪና ይዞ ለአረፋ ሲገባ እኛ በተቆረጠች መኪና ብንገባ መንደሩ ምን ይለናል ብለዋል። አሠራሯ እንደዚያ ነው ቢባሉም አልተቀበሉም። አቶ ሙባሪክ የቀረው ክፍል የት እንደደረሰ ባለቤቱ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው በበኩላቸው፣ ከሱቃቸው ቆርቆሮ አምጥተው ጭራ ሊቀጥሉላት ፈቃደኛ መሆናቸውን አስታውቀዋል።

ክላክስ፤ አሁን ረዘም ያለ። “አንድ አጀንዳ ብቻ ቀረ እማ!” ተብለዋል።

በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጭራው እንዲቀጠል ተወሰነ። ተቃዋሚው ጸሐፊው ሲሆን፣ የአመለካከት ችግር እንዳለበት ተነግሮታል።

አጀንዳ 3፦ ሂስና ግለ ሂስ

ይህን ያስገባው ጸሐፊው ነው፤ ሥልጠናው ላይ ያለዚህ ስብሰባ አይዘጋም ተብሎ ነበር። አቶ ሙባሪክ ከባለቤቱም ከቤተሰቡም ኮሚሽን ለመቀበል አስበው እንደነበር ግለ ሂስ አድርገዋል። ወ/ሮ ዘይባ የአቶ ሙስተፋን ሚስት ሂስ ሊያደርጉ ሲጀምሩ፣ በሌለችበት አይሆንም ተብለው ጭቅጭቅ ተነሥቷል። የጭቅጭቁ ዝርዝር ለቤተሰብ ሰላም ሲባል አልተመዘገበም።

በዚህ መሐል ሳያቋርጥ ይጮህ የነበረው ክላክስ እየሰለለ ሄዶ ጭራሹን ቆመ። ሰብሳቢው ይህ እናታችን በውይይቱ መርካታቸውን ያሳያል ሲሉ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተቀብሎታል። ጸሐፊውም አጨብጭቧል።

በመጨረሻም መኪናዋ እንድትገዛ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ አባላቱ የምሥራቹን ሊነግሩ ተያይዘው ወጡ።

የፊት ወንበሩ ባዶ ነበር። በሩ ቀስ ተደርጎ ተዘግቷል። ወንበሩ ላይ ቅቤው በተቀመጠበት ቦታ ወዙ ቀርቷል። ጎረቤታችን ዛህራ ከአጥር ማዶ፣ ባለጋሪው ከማሉ በፈረስ ጋሪው እንደወሰዳቸውና የሚከተለውን መልእክት እንደተዉ ነገረችን፦ “ልጆቼ ሲጨርሱ ይምጡ። የከማሉ ፈረስ ጅራትም አላት፣ ስብሰባም አታበዛም።”

ተከትለን እንድረስባቸው ተብሎ ቁልፉ ቢዞርም መኪናዋ አልነሣ አለች። ባትሪውን ክላክሱ ጨርሶታል። ሰብሳቢው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ “እኔን! እማን በጋሪ፣ በዚያ ጉልበቷ!” ብለዋል። ጸሐፊው አፍሯል፤ ይህም በራሱ ጥያቄ ይመዝገብለት።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ፣ ጭራውን ጨምሮ፣ ተሽሯል። መኪናዋ በአባላቱ ጉልበት በአስፋልቱ ተገፍታ ለባለቤቷ ተመልሳለች። ከተማው ለአረፋ ወጥቶ ስለነበር በደንብ ታይተናል። ኮሚቴው ፈርሷል። አባላቱ ወደ መንደሩ በእግራቸው እንዲሄዱ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ ይሂድ በሚለውም ላይ ስብሰባ እንዳይጠራ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ስብሰባው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ፒስታው ላይ ተበትኗል።

ማስታወሻ፦ ስንደርስ እናታችን ከአክስታችን ጎን ተቀምጠው ነበር። ገና ጫማችንን ሳናወልቅ፣ “ቃለ ጉባኤው ይነበብልኝ” አሉ። ይኸው እያነበብኩላቸው ነው።