የአቶ ኦሞድ አንዲት የጀርመን ቃል

በየከተማው አንድ ጊዜ ከፈረንጅ ጋር የሠራ ሰው አይጠፋም። ፈረንጁ ሻንጣውን ሸክፎ ከሄደ ዓመታት ቢያልፉም፣ በዚያ ሰው አፍ ግን ገና ሥራ አልለቀቀም። ሻይ ሲቀርብለት ፈረንጁ ስኳር እንዴት እንደሚያማስል ይነግርሃል። ሚስማር ስትመታ ከጀርባህ ቆሞ «እነሱ እንዲህ አይመቱም» ይልሃል። በጋምቤላ ይህን ማዕረግ የያዙት የመሥሪያ ቤታችን የፓምፕ መካኒክ ክቡር አቶ ኦሞድ ነበሩ።

ጊዜው ክልሉ ገና የተቋቋመበት ነው። ቢሮ ነበር፣ ወንበር አልነበረም፤ ማኅተም ነበር፣ ቀለሙ ገና በመንገድ ላይ ነበር። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ነበርሁ። ቁልፉን ባንገቴ አንጠልጥዬ እያደርሁ፣ የእያንዳንዱን ካቻቢቴ ጭረት በዓይኔ አውቅ ነበር። ኦሞድ፣ ኡዶ ከሚባል ጀርመናዊ ጉድጓድ ቆፋሪ ጋር ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ስለዚህም መፍቻ ሳቀብለው እንኳ አያመሰግነኝም። «ኡዶ አያያዝህን ቢያይ ያለቅስ ነበር» ይለኛል።

ከዚያ ሁሉ ጀርመንኛ ይዞ የተረፈው አንዲት ቃል ነበረች። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዕቃውን ጠራርጎ ይመልሳል፤ የቀን ሠራተኞቹን ቢየልንና ኩዎልን ይጨብጥና «ፋየራበንት» ይላል። እነሱም «ፋየራበንት» ብለው ይመልሳሉ።

በዚያ ዓመት አዲስ ስም ሁሉ የድርጅት ስም ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ስንት ፓርቲ እንደተቋቋመና እንደተሰነጠቀ የማያውቅ ሰው ይፍረድብኝ፤ ኦሞድ በመንግሥት ግቢ አባላት እየመለመለ ነው ብዬ ደመደምሁ። አንድ ቀን የግምጃ ቤቱን በር ዘግቼ፣ ሊቀ መንበሩ ማን እንደሆነ በቁም ነገር ጠየቅሁት።

መፍቻውን እየጠረገ መለሰልኝ። «ሊቀ መንበር የለውም። ሥራ አልቆ ወደ ቤት የምትሄድበት ጊዜ ነው። ጀርመን ስም አወጣለት።»

አላመንሁትም። እኔ ከወሎ መጥቼ በሠፈርሁበት መንደር፣ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሌላ ሥራ ነው፤ ስም አያስፈልገውም። ልፈትነው ብዬ በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ቃሏን ቀድሜው አልኋት። ፊቱ ተለወጠ። ፒንሳው ገና መሬት ላይ ወድቆ እንዳለ በጣቱ አሳየኝና ሕጉን ዘረዘረልኝ። የመጨረሻው ዕቃ ሳይጠረግ አይባልም። ለብቻ አይባልም፤ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። አንዴ ከተባለ በኋላ ግን ንጉሥም አያዝህም። በዚህች በመጨረሻዋ በልቤ ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን ከግቢያችን አጥር ሥር ያለው የሰፈሩ ፓምፕ ተበላሸ። ሴቶች እንደገና ጀሪካን ተሸክመው ወደ ባሮ ወንዝ ወረዱ። ከእነሱም አንዷ ኛኳች፣ ባለፈች ቁጥር «ኦሞድ፣ የአንተ ጀርመን ውሃ ያወጣል ወይስ ወሬ?» ትለው ነበር። ኃላፊያችን አቶ ይግዛው ደግሞ ቁርጡን ነገሩት። ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ፤ ውሃ ከወጣ፣ ክልሉ ሳይቋቋም ጀምሮ ሦስት ዓመት የጠበቀው የቋሚነት ደብዳቤ ሰኞ ይፈረማል፤ ካልወጣ ከአዲስ አበባ ሌላ መካኒክ ይመጣል፣ ኦሞድም ይሰናበታል።

አንድ ብሎን እንዳይጠፋብኝ ስል አራት ቀን አብሬው ተቀመጥሁ። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ቧንቧው ሁለቴ ሳለ፣ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያም ነጭ ውሃ ወረወረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኛኳች ጀሪካኗን ሞልታ «ለካ ያወጣል» አለች። አቶ ይግዛው የኦሞድን እጅ ጨብጠው ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ።

ኦሞድ ግን ቃሏን አላለም። የሚያንጠባጥብ ብሎን አጠበቀ፤ ዕቃውን አንድ በአንድ ጠረገ። የመጨረሻውን መፍቻ ከነጨርቁ ሰጠኝ። «አንተ ጥረገው፣ አቶ ሀሩን። ዛሬ አንተ ትላለህ።»

ጠረግሁ፤ «ፋየራበንት» አልሁ። ኦሞድ፣ ቢየልና ኩዎል ሦስቱም መለሱልኝ። ግምጃ ቤቱን ቆለፍሁ።

ወዲያው አቶ ይግዛው በመኪና ተመለሱ። የቤታቸው ጄነሬተር ቆሟል፣ እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ ኦሞድ አሁኑኑ ይምጣ። ኦሞድ ገና ያልደረቁ እጆቹን አየ። ደብዳቤው አልተፈረመም። ወደ እኔ ዞሮ መፍቻ ሊለምነኝ እጁን ዘረጋ።

በዕድሜዬ የበላይን ትእዛዝ መልሼ አላውቅም። «ጌታዬ፣» አልሁ፣ «ፋየራበንት ሆኗል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጀርመን ቃል ነው። ሥራ አልቆ ዕቃ ከተጠረገ በኋላ ያለው፣ ሰው የራሱ የሚሆንበት ጊዜ ነው። እሱ ከተባለ ግምጃ ቤት አይከፈትም።» የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኋት፤ ጀርመኖች የሚቀየሙ አይመስለኝም።

አቶ ይግዛው ቁልፉን ባንገቴ አዩ፣ የሚፈሰውን ውሃ አዩ። «ነገ ጠዋትስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

«ነገ ጠዋት ኡዶም ይሠራል» አለ ኦሞድ።

ኃላፊው ሳቁ። እንግዶቹ በፋኖስ በሉ፤ ሰኞ ደብዳቤው ተፈረመ። ኦሞድም ደብዳቤውን በኪሱ ከትቶ ቃሏን እንዴት እንዳበላሸኋት ሲነግረኝ ዋለ፤ ኡዶ ቢሰማኝ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ኦሞድ ከቢየልና ከኩዎል ጋር ለሥራ ወደ ኢታንግ ሄዶ አንድ ሳምንት ቆየ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨርቁን ይዤ በር ላይ ቆምሁ፤ የሚመልስልኝ ስለሌለ ቃሏን ሳልላት ወደ ቤቴ ሄድሁ። በሕጉ መሠረት ያን ሳምንት ሙሉ፣ ሌት ተቀን፣ ሥራ ላይ ነበርሁ።