የጋኑን ጆንያ ለብሼ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን እንደበላሁ፣ ሕልም አየሁ። የሌሊት ሕልም እንዳይመስላችሁ፤ የመተሐራ ሙቀት የሚያሳልመው ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ላውራ። አክስቴ አስካለ በማግስቱ ማኅበር ልታወጣ ነበር። ባለፈው ተራዋ ጠላው በሙቀት እንደ አቼቶ ኮምጥጦ፣ ጎረቤቷ ወይዘሮ ተዋቡ አንዴ ቀመሰችና «አስኩ፣ ሰላጣው የታለ?» ብላ ማኅበርተኛውን በሳቅ ጨረሰችው። አክስቴ ያን ቀን ያለቀሰችውን ያህል ለባሏ ቀብር አላለቀሰችም።

ዘንድሮ ዘዴ አበጀች። ፍሪጅ የት አባቷ ታመጣለች? ጋኑን ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ሳፋውን ውኃ ሞላችው፤ ጋኑን በጆንያ ጠቅልላ የጆንያውን ጫፍ ውኃው ውስጥ ነከረችው። ጆንያው ከታች ይጠጣል፣ በበሩ የሚገባው ንፋስ ከላይ ያደርቀዋል፣ በዚህ መሃል ጋኑ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ባለሱቁን ለምና በረዶ የሆነ ሃይላንድ ሳፋው ውስጥ ትጥላለች። እየተመላለሰች በእጇ ጀርባ የጋኑን ሆድ ትነካለች፣ ልክ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን።

«ጌጡ፣ ወፍጮ ቤት ደርሼ እስክመጣ ጆንያው እንዳይደርቅ» አለችኝ። «ጠላው ካማረልኝ የባሌ ብስክሌት ያንተ ነው።»

ብስክሌት እኮ ነው! ደወል ያለው!

ወጣች። ሙቀቱ አናቴን በላው። ጋኑን አየሁት፤ ክዳኑን በላስቲክ ታስሮ፣ እርጥብ ጆንያውን ደርቦ፣ ተንፈላሷል። እኔ ሰውየው እየተቃጠልኩ ሸክላ ይቀማጠላል? ገፈፍኩት። ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነው፣ ማርያምን! እግሬን ሳፋው ውስጥ ከትቼ፣ ጋኑን ተደግፌ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ ጆንያውን ከነራሴ ተከናነብኩት። ኡፍፍ! እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ።

ሳፋ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በየግድግዳው ሥር ሳፋ ሳፋው ውስጥ ተደርድሯል። ጋኖች ነጠላ አጣፍተው በመሃላችን ይዞራሉ። መነጽር ያደረገች አንዲት ጋን መጣችና በጆሮዋ ሆዴን ነካ አደረገችኝ።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«ሦስተኛ» አልኳት፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

«ታዲያ ለምን አትፈላም?»

«እየሞከርኩ ነው እትዬ።»

«ቀስ እያልክ ታዲያ! ትናንት አንዱ አስተማሪ ቸኩሎ ፈልቶ ክዳኑን ጣሪያ ላይ ነው ያገኘነው።»

አንድ እፍኝ ጌሾ አፌ ውስጥ ወትፋ ሄደች። ጌሾው እንደ ማር ይጣፍጣል። አንዲት ዝንብ መጥታ እጅ ነሳችኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ላርፍብዎት?»

«ደጅ ጠብቂ።»

ይቅርታ ጠይቃ ሄደች። ወይ ክብር! ይህን ጊዜ ብስክሌቱ ደወሉን ቅጭል ቅጭል እያደረገ ደረሰና ጀርባዬ ላይ ወጣ። ከነጆንያዬ ጋለበኝ። ዳገቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ቁልቁለቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቀበሌ አደረሰኝ። ሠራተኞቹ ከአጥሩ ውጪ ተሰልፈው የሚጠብቁት እኔን ነው። የፊተኛው ላብ በላብ ሆኖ ፋይል ዘረጋልኝ።

«ጌታዬ፣ ከንጋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። እባክዎ መታወቂያዎን ልስጥዎት።»

«ሲስተም የለም።»

«መቼ ልመለስ?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ እኮ በዓል ነው ጌታዬ!»

«ለዚህ ነዋ!»

ብስክሌቱ ሰንሰለቱ እስኪወልቅ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ የጋኖች ማኅበር መሃል ተጎልቻለሁ። ከላይኛው ወንበር የተቀመጠችው የአክስቴ ጋን ናት፣ ራቁቷን። አንዷ ማኅበርተኛ አናቴን እንደ ክዳን አነሳችና በጣሳ ቀድታ ቀመሰችኝ። ፊቷ ተጨማደደ። ሸክላ ሲጨማደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ሰላጣው የታለ?» አለች።

ጋኖቹ እስኪሰነጠቁ ሳቁ። የአክስቴ ጋን ብቻ አልሳቀችም።

«ጆንያዬን ማን ወሰደው?» አለች።

ምን ልበላት? ለብሼዋለሁ።

«አስካለ ነገ ለሰው ምን ታቀርባለች?»

እዚህ ላይ አፈርኩ። ሳፍር ሞቀኝ። ሲሞቀኝ ፈላሁ። በጆሮዬ ቡልቅ፣ በአፍንጫዬ ቡልቅ!

«ትኩሳት አለው! ውኃ ድፉበት!» ብለው ጮኹ።

ውኃው የእውነት ነበር። ነቃሁ። ጆንያው ውስጥ ነኝ፣ የአክስቴ እጅ ሆዴ ላይ ነው። ከጠራራው ፀሐይ ጨለማ ቤት ገብታ ዓይኗ ገና አልለየላትም።

«ተዋቡ ሙች፣ ይሄ ጋን ትንሽ ሞቅ ብሎታል» አለች። ለካ ወይዘሮ ተዋቡን ልታስጎመጃት ይዛት መጥታለች። «ግን እንዴት አድርጎ እንደሸፈነልኝ አየሽ? ወርቅ ልጅ! ብስክሌቱን ዛሬውኑ ነው የምሰጠው።»

ሁለተኛ ባልዲ ቸለሰችብኝ። ንቅንቅ አላልኩም። ትንፋሼን ዋጥኩ።

«እስኪ ልቅመሰው» አለች ወይዘሮ ተዋቡ፣ ክዳን ፍለጋ በጆንያው ላይ ፊቴን እየደባበሰች። «አስኩ… ጋንሽ አፍንጫ አለው እንዴ?»

ጋን ምን ብሎ ይመልሳል?

ከጀርባዬ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አሁን ግን እኔ አልነበርኩም። ላስቲኩ ሲጢጥ አለ፤ ቀጥሎ ክዳኑ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሲመታ ሰማሁት።