ቤተ ሙከራው ውስጥ የጮኸው ሰው

ፈርቶ መደሰት ይቻላል? እኔ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነኝ። ሰው በገዛ እግሩ ጨለማ ክፍል ይገባል፣ ቆልፉብኝ ይላል፣ ከዚያ ልውጣ ብሎ ይለፋል። ውጭ የቀረው ደግሞ ይቀናበታል።

ነገሩን ቦንጋ ትምህርት ቤታችን ያመጣው የባዮሎጂ መምህሩ ኮቺቶ ነው። እኔ ያኔ ከጎጃም ተመድቤ አማርኛ የማስተምር ወጣት ነበርኩ፤ የአገሬው ቋንቋ ካፊኖኖዬ ከሰላምታ አያልፍም። ኮቺቶ ለወላጆች ቀን አሮጌውን ቤተ ሙከራ በጥቁር ጨርቅ አጨለመው፣ የፕላስቲኩን አፅም ጥግ አቆመው፣ የበሩን ቁልፍ አንድ ቦታ ደበቀ። የገባ ሰው እንቆቅልሽ እየፈታ ቁልፉን አግኝቶ ይወጣል።

«ማስፈራቱ ብቻ አይበቃም» አለኝ። «ልብህ እየደለቀ ማሰብ ሲያቅትህ፣ መልሰህ ደግሞ ስትችል፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው።»

መጀመሪያ የገባነው እኔና የወላጆች ተወካይዋ እትዬ ዘይነባ ነን። ከወሎ መጥተው ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ ካፊኖኖን እንደ አገሬው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ቆለፉብን። ኮቺቶ የት እንደገባ አላየንም። በባትሪ ብርሃን የመጀመሪያውን እንቆቅልሽ ስንፈልግ ግድግዳው ሥር ያለው ቁም ሳጥን ከውስጥ ተደበደበ፤ በካፊኖኖ የሚጮኽ የታፈነ ድምፅም ተከተለ።

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ክፈቱልኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ይላል።»

«ግሩም ፍንጭ ነው» አልኩ፤ አፈር ልብላ። ትንፋሽ ካለ ሳንባ ነው ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የሳንባ ሥዕል ገለበጥኩ። እሳቸው የአፅሙን ደረት በረበሩ። ድብደባው ሲበረታ ፈራሁ፤ ሳቄም አብሮ መጣ። ኋላ ድምፁ እየደከመ ሲሄድ እትዬ ዘይነባ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው የምሩን ነው።»

መቀርቀሪያውን ሲስቡት ኮቺቶ በላብ ተዘፍቆ እግራችን ሥር ወደቀ። ሊያስፈራን ተደብቆ መቀርቀሪያው ከውጭ ወድቆበት ኖሯል። ጭንቅ ሲመጣ አማርኛው ጠፍቶት በእናቱ ቋንቋ መጮኹ ነበር።

ቁልፉን የደበቀበትን አሳየን፤ ወጥተን ውሃ አጠጣነው፣ ነፍስ ዘራ። እትዬ ዘይነባ ግን ለወላጆቹ እንዴት እንደፈሩ እያጋነኑ አወሩላቸው። ቀጥለው የገቡት ቅር ብሏቸው ወጡ፤ የሚጮኸው የለም ሲሉ አማረሩ። ርዕሰ መምህሩ ኮቺቶን ለመኑት። ተመልሶ ገባ፤ እኔ ጨለማው ውስጥ አጠገቡ ቆሜ መቀርቀሪያውን እንድጠብቅለት አስምሎ።

ሌሎች ገቡ። ኮቺቶ ደበደበ፣ ጮኸ። ያው ድምፅ፣ ያው ቃል። ጨዋታ ነው ብዬ ታገስኩ። ድምፁ እየደከመ ሲመጣ ግን ቁም ሳጥኑን በረገድኩት።

ኮቺቶ አንገቱን ብቅ አድርጎ በሹክሹክታ፣ «ምን ሆነህ ነው የከፈትከው?» አለኝ። «ገና መፍራት መጀመራቸው ነበር እኮ።»